ለልዩ ልዩ ዓይነት መኪና የሚስማማውን ዘይት ስለ መምረጥ

ለወረዳ አስተዳዳሪዎች፥ ለእርሻ ሥራ ሹማምንትና ለባለ እርሻዎች የተዘጋጀ ትምህርት

በአዲስ አበባ ከተማ በልደታ ክፍለ ከተማ አብነት በሚባለው ሠፈር ጥቂት በእግሩ የተዘዋወረ ሰው፥ ዘይት የሚሹ መኪናዎችን ሁሉ በአጭር መንገድ ላይ ያገኛቸዋል። በአንዱ በር ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናውን ይረግጣል፤ በሌላው በር ወፍጮው እህል ይፈጫል፤ በአደባባዩ ዙሪያ የጭነት መኪናውና ታክሲው ይተራመሳል፤ በአቅራቢያውም ስሙን ለሠፈር ያወረሰው የኮካ ኮላ መጠጥ ፋብሪካ አለ። ወደ መርካቶ በኩል ቢራመድ ደግሞ የመኪና መለዋወጫ ዕቃ የሚሸጥበትን ሱማሌ ተራን ያገኛል። ለትራክተርና ለውኃ መሳቢያ ሞተር ዘይት ሊገዛ ከየወረዳው የሚመጣው ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያቀናው ወደዚህ ነው።

አንድ ቀን በዚሁ አካባቢ ካለ የዘይት ሱቅ ደጃፍ ቆሜ ሳለሁ፥ ከሩቅ አገር የመጣ አንድ የተከበረ ሰው ባለ ሱቁን «ልጄ፥ አንድ በርሜል ወፍራም ዘይት ስጠኝ፤ ለትራክተሩም ለውኃ መሳቢያውም ለወፍጮውም ይሆነኛል» ሲለው ሰማሁ። ባለ ሱቁም «ጋሼ፥ ለሞተር ነው ወይስ ለካምቢዮ?» ብሎ ቢጠይቀው፥ «ዘይት ያው ዘይት አይደለም እንዴ!» ሲል መለሰለት። ባለ ሱቁ ገበያው እንዳያመልጠው ዝም ብሎ ሸጠለት። በርሜሉ 140 ቁጥር የካምቢዮ ዘይት ነበረ። ከጥቂት ወራት በኋላ ያን ሰው ዳግመኛ ባገኘው፥ ትንሹ የውኃ መሳቢያ ሞተር ሽንኩርቱ ውኃ በሚፈልግበት ሳምንት ደርቆ እንደ ቆመ ነገረኝ፤ ጥፋቱንም በሞተሩ ሠሪዎች ላይ አሳበበ። እኔ ግን ሞተሩን አልወቅስም። ገንዘቡ ወጥቷል፥ ዘይቱም ተቀድቷል፤ የጎደለው ለየትኛው መኪና የትኛው ዘይት እንደሚገባ ማወቅ ብቻ ነበረ።

ሁለት ብረቶች ምንም ያህል ተስለው ቢለሰልሱ በአጉሊ መነጽር ሲታዩ ተራራና ሸለቆ ያለባቸው ናቸው። ያለ ዘይት ሲፋተጉ የአንዱ ጉብታ የሌላውን ይነክሳል፤ ከዚያም ሙቀት ይወለዳል፤ ሙቀቱ ሲበዛ ብረቱ እርስ በርሱ ይጣበቃል። የዘይት ዋነኛ ሥራ በሁለቱ መካከል ስስ ሽፋን ሆኖ ገብቶ እንዳይነካኩ ማድረግ ነው። ነገር ግን በሞተር ውስጥ ያለው ዘይት ሌላም ብዙ ሥራ አለበት። ውኃ የማይደርስበትን የፒስቶንና የኮሎ ሙቀት ተሸክሞ ያወጣል፤ ጥላሸቱን ከብረቱ አጥቦ በራሱ ውስጥ ይይዛል፤ በፒስቶኑ ፋሻና በሲሊንደሩ መካከል ያለውን ክፍተት ይዘጋል፤ መኪናው በቆመበት ወራትም ዝገትን ይከለክላል። ስለዚህ የናፍጣ ሞተር ዘይት ከተቀየረ በጥቂት ቀን ውስጥ ቢጠቁር ማጠቡን ያሳያል እንጂ ዘይቱ ከፋ ማለት አይደለም። የሚያስፈራው ዘይቱ እንደ ወተት ሲነጣ ነው፤ ይህ ውኃ ገባበት ማለት ነውና ሞተሩ በዚያው ሰዓት መቆም ይገባዋል።

የአገራችን ሰው ቅባት ለምን እንደሚጠቅም ከጥንት ያውቃል፤ ባልትና ያላት ሴት ምጣዷን በጎመን ዘር ወይም በጉሎ የምታስሰው እንጀራው እንዳይጣበቅ ነው። በውጭ አገርም ቢሆን፥ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1859 ዓ.ም. በአሜሪካ በፔንሲልቬንያ የነዳጅ ዘይት ጉድጓድ ተቆፍሮ የማዕድን ዘይት እስኪበዛ ድረስ፥ መኪና ሁሉ ይቀባ የነበረው በሞራና በተክል ዘይት ነበረ። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ ብዙ የአውሮፕላን ሞተሮች የሚሠሩት በጉሎ ዘይት ነበረ፤ የጉሎ ዘይት ከቤንዚን ጋር በቀላሉ አይዋሐድምና። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የምድር ባቡር በእንፋሎት ይሄድ በነበረበት ዘመን ይህን የመሰለ የእንፋሎት ሲሊንደር ሞራ የተጨመረበት እጅግ ወፍራም ዘይት ይፈልግ ነበረ፤ ተራውን ዘይት እንፋሎቱ አጥቦ ይወስደዋልና። ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር እንረዳለን፤ በዚያን ዘመንም ቢሆን አንድ ቅባት ለሁሉ አልሆነም።

ነገር ግን ከዚህ ተነሥቶ የኑግ ዘይት ለመኪና ይሆናል ብሎ የሚያስብ ሰው አይጥፋ ብዬ እጠራጠራለሁ፤ በስፌት መኪና ላይ ሲፈስ በዓይኔ አይቻለሁና። የኑግ ዘይት በአየርና በሙቀት ብዛት እየደረቀ እንደ ሙጫ የሚሆን ዘይት ነው። ዛሬ ያለሰልሳል፤ በወሩ ግን መርፌውን የሚያንቀሳቅሰውን ብረት ይዞ ያስቀረዋል። የወጥ ዘይት በወጥ ቤት ይቅር።

መኪና ዘይቱን የሚመርጠው በሦስት ነገር ነው፤ በፍጥነቱ፥ በሚሸከመው ኃይልና በሙቀቱ። ፈጥኖ የሚሽከረከርና ቀላል ሸክም ያለው ቀጭን ዘይት ይሻል፤ ወፍራም ቢሰጠው ዘይቱን ለመቅዘፍ ብቻ ኃይሉን ያጠፋል፥ ይሞቃልም። ቀስ ብሎ የሚዞርና ከባድ ሸክም ያለው ወፍራም ዘይት ይሻል፤ ቀጭን ቢሰጠው ሸክሙ ዘይቱን ጨምቆ ያወጣውና ብረት ከብረት ይገናኛል። ሙቀት ደግሞ ዘይትን ሁሉ ያቀጥናል፤ ተራው የሞተር ዘይት ከ40 ዲግሪ ወደ 100 ዲግሪ ሲሞቅ ሰባት እጅ ያህል ይቀጥናል። ስለዚህ በሱቅ ውስጥ በጣት መካከል አሽቶ «ይህ ይወፍራል፥ ስለዚህ ይሻላል» የሚል ሰው የሚመዝነው ቀዝቃዛውን ዘይት ነው፤ ሥራውን የሚሠራው ግን የጋለው ነው።

የዘይትን ውፍረት በቁጥር መግለጽ የጀመረው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1911 ዓ.ም. የአሜሪካ የመኪና መሐንዲሶች ማኅበር ነው፤ በጣሳው ላይ ኤስ ኤ ኢ ተብሎ የሚጻፈው የማኅበሩ ስም ነው። 30፥ 40፥ 50 የሚለው ቁጥር ዘይቱ በ100 ዲግሪ ሲግል የሚኖረውን ውፍረት ያመለክታል። 15 ደብልዩ 40 ሲባል ደግሞ ፊተኛው ቁጥር በብርድ ጊዜ ምን ያህል እንደሚፈስ፥ ኋለኛው በሙቀት ጊዜ ምን ያህል እንደሚወፍር የሚናገር ነው፤ ደብልዩ በእንግሊዝኛ የክረምት ቃል መጀመሪያ ፊደል ናት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። የካምቢዮ ዘይት የሚለካበት ቁጥርና የሞተር ዘይት የሚለካበት ቁጥር ልዩ ልዩ ናቸው። የካምቢዮ 90 ቁጥር በእርግጥ ሲለካ የሞተሩን 40 ወይም 50 ቁጥር ያህል እንጂ እጥፍ አይወፍርም። የሃይድሮሊክና የፋብሪካ ዘይትም 32፥ 46፥ 68 እየተባለ በ40 ዲግሪ ሙቀት በሌላ ሚዛን ይለካል፤ ስለዚህ 68 ቁጥር የሃይድሮሊክ ዘይት ከ40 ቁጥር የሞተር ዘይት እጅግ የቀጠነ ነው። ቁጥርን ከቁጥር ማወዳደር የሚቻለው በአንድ ሚዛን ሲሆን ብቻ ነው።

ቁጥሩ ውፍረቱን እንጂ ጠባዩን አይናገርም። ጠባዩ የሚታወቀው በሌላ ፊደል ነው። በኤ ፒ አይ ምልክት ውስጥ በኤስ የሚጀምረው ለቤንዚን ሞተር፥ በሲ የሚጀምረው ለናፍጣ ሞተር ነው፤ ሲ አይ 4 ከሲ ኤፍ 4 በኋላ የመጣና የበለጠ ጥላሸት ለመሸከም የተሠራ ነው። የናፍጣ ጥላሸትና በናፍጣው ውስጥ ካለው ድኝ የሚወለደው ኮምጣጣ ነገር ሞተሩን እንዳይበላ በዘይቱ ውስጥ ማጠቢያና ማርከሻ ይጨመርበታል። ለቤንዚን ብቻ የተሠራውን ዘይት በትራክተር ላይ የሚያፈስ ሰው፥ ቁጥሩ አንድ ቢሆንም፥ ሞተሩን ያለ መድኃኒት እንዳስቀረው ይወቅ።

የአገራችን መልክዓ ምድር በዚህ ነገር ከሌላው አገር ይልቅ ጥንቃቄን ይሻል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይወርድባታል። ሑመራ ግን 600 ሜትር ያህል ላይ ያለች ቆላ ስትሆን በበጋ ሙቀቷ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። በደብረ ብርሃን ንጋት ላይ 50 ቁጥር ብቻውን የተሞላበት ሞተር ሲነሣ ዘይቱ ወደ ላይኛው ክፍል እስኪደርስ ብዙ ይዘገያል፤ ብዙው የሞተር መበላት የሚደርሰውም በዚያች ጥቂት ጊዜ ነው። ለደጋው 15 ደብልዩ 40 የመሰለ ሁለት ቁጥር ያለው ዘይት ይስማማል፤ በቆላው ቀኑን ሙሉ ከባድ እርሻ ለሚያርሰው ትራክተር የመኪናው መጽሐፍ ከፈቀደ 20 ደብልዩ 50 ይሻላል። ደግሞም በደጋ አየሩ ስስ ስለ ሆነ አየር በኃይል የማይገፋለት የናፍጣ ሞተር ጥቁር ጢስ ያበዛል፤ ጥላሸቱም ወደ ዘይቱ ይወርዳል። በዚህ ምክንያት የደጋው ሞተር ምንም ብርድ ላይ ቢሠራ ዘይቱን ቶሎ መቀየር ያስፈልገዋል።

ስለ ትራክተር ረዘም አድርገን እንናገራለን፤ ወረዳዎች ገንዘባቸውን የሚያፈሱበት ትልቁ መኪና እርሱ ነውና። በአርሲ በጭላሎ በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ልማት ድርጅቱ ካዱ ተቋቁሞ ባለርስቶቹም ትራክተር መግዛት ከጀመሩ ወዲህ፥ በአርሲና በባሌ የስንዴ አገር ትራክተርና ኮምባይነር ለገበሬው እንግዳ አይደሉም። አንድ ትራክተር ከውጭ ሲያዩት አንድ መኪና ነው፤ በውስጡ ግን ሦስት ወይም አራት የተለያዩ የዘይት ቤቶች አሉት። ሞተሩ የናፍጣ ሞተር ዘይቱን ይሻል። የፊተኛው እግር ማርሽ የካምቢዮ ዘይት ይሻል። ማረሻውን የሚያነሣው ሃይድሮሊክ ግን እንደ ትራክተሩ ዓይነት ይለያያል። ያን ጊዜ ናዝሬት ትባል በነበረችው በአዳማ ሲገጣጠም በኖረው በቤላሩስ ትራክተር ላይ የሃይድሮሊኩ ዘይት የራሱ ጋን አለው፤ በብዙዎቹ የማሲ ፈርጉሰን ትራክተሮች ላይ ግን ካምቢዮው፥ ዲፈረንሻሉና ሃይድሮሊኩ የሚጠጡት ከአንድ ቤት ነው። በአንዳንዶቹ ፍሬኑም በዚያው ዘይት ውስጥ ተነክሮ ይሠራል።

እንዲህ ያለውን የጋራ ቤት ተራ የካምቢዮ ዘይት የሚሞላ ሰው ሁለት ጉዳት ያመጣል። ዘይቱ ለሃይድሮሊኩ ፖምፓ ይወፍርበታል፥ በጧትም ማረሻውን ለማንሣት ያዘግማል፤ በዘይት የሚሠራው ፍሬንም እየጮኸ ይንሸራተታል። ለዚህ ቤት ተብሎ የተሠራ የትራክተር ካምቢዮና ሃይድሮሊክ ዘይት አለ፤ በጣሳው ላይ ዩ ቲ ቲ ኦ ተብሎ ይጻፋል፤ ይህ ግን ለሞተሩ አይሆንም። ኤስ ቲ ኦ ዩ የሚባለው ለሞተሩም ለካምቢዮውም እንዲሆን የተሠራ ነው፤ አንድ በርሜል ብቻ ለመግዛት የተገደደ ወረዳ ቢኖር መጽሐፉን አይቶ ይህን ቢመርጥ ከጉዳት ይድናል።

የካምቢዮ ዘይት ራሱም ሁለት ነው። ጂ ኤል 5 የሚባለው እጅግ ከባድ ሸክም ላለበት ዲፈረንሻል ስለ ተሠራ ድኝና ፎስፎር የበዛበት ነው። ይህ ድኝ ናስና ነሐስ ይበላል፤ የናስ ቀለበት ያለበትን ካምቢዮ ጂ ኤል 4 እንጂ ጂ ኤል 5 መሙላት አይገባም። «የበለጠው ይበልጣል» የሚለው የገበያ ሐሳብ እዚህ ላይ ገንዘብ አስከፍሎ ካምቢዮ ያስበላል።

ኮምባይነር በኅዳርና በታኅሣሥ ስንዴው በደረሰ ጊዜ ሌት ተቀን ይሠራል፤ ያለ ወቅቱ የሚመጣ ዝናብ ያስፈራልና ባለቤቱ ለዘይት መቀየሪያ አንድ ሰዓት እንኳ ማቆም አይወድም። ስለ ሆነም በመከሩ መካከል የሚሰበረው ኮምባይነር ብዙውን ጊዜ ከመከሩ በፊት ዘይቱ ያልተቀየረው ነው። በብዙ ትራክተሮች መጽሐፍ የሞተር ዘይት በየ250 የሥራ ሰዓት እንዲቀየር ታዟል፤ አቧራ በበዛበት እርሻ ይህ በግማሽ ቢያንስ መልካም ነው። ፊልትሮውም አብሮ ይቀየር፤ አዲስ ዘይት በአሮጌ ፊልትሮ ማሳለፍ ንጹሕ ውኃ በቆሸሸ ገንቦ እንደ መቅዳት ነው። አየሩን በዘይት የሚያጣሩ የቀድሞ ትራክተሮች ላይ ደግሞ በማጣሪያው ሳሕን የሚሞላው ዘይት ከምልክቱ እንዳያልፍ ይጠንቀቁ፤ ካለፈ ሞተሩ ስቦ ያቃጥለዋል፥ አንዳንድ ጊዜም ያለ ልጓም ይፈረጥጣል።

በፎገራና በደንቢያ ሜዳ፥ በጣናም ዙሪያ ሽንኩርትና ቲማቲም በመስኖ የሚያለሙ ገበሬዎች የሚይዙት ትንሹ የቤንዚን ውኃ መሳቢያ ሞተር ለዘይት ከሁሉ ይልቅ ስስ ነው። ከእነዚህ ብዙዎቹ ከግማሽ ሊትር እስከ አንድ ሊትር ያህል ዘይት ብቻ የሚይዙ ናቸው፤ ዘይቱንም የሚረጨው በውስጡ የሚሽከረከር ትንሽ ማንኪያ እንጂ ፖምፓ አይደለም። ስለዚህ 10 ደብልዩ 30 ወይም 30 ቁጥር የሞተር ዘይት ይሻሉ፤ 140 ቁጥር የካምቢዮ ዘይት በዚህ ማንኪያ አይረጭም፤ በመጀመሪያ የጠቀስነው ሰው ሞተር የሞተውም በዚህ ነው። አንድ ነገር በተለይ ይታወቅ፤ እንዲህ ያለ ሞተር ከሣጥኑ ሲወጣ ብዙውን ጊዜ ዘይት የለበትም። በርከት ያለ ሞተር ለገበሬዎች የሚያከፋፍል ጽሕፈት ቤት ከእያንዳንዱ ሞተር ጋር የመጀመሪያውን ዘይት ባይሰጥ፥ በርክክቡ ቀን ደስታ ሆኖ በማግሥቱ ለቅሶ ይሆናል። ዘይቱም የሚለካው ሞተሩ በተስተካከለ ቦታ ሲቀመጥ እንጂ በወንዝ ዳር ዘንበል ብሎ ሳለ አይደለም። መድኃኒት መርጫውና የእንጨት መጋዙ ግን ባለ ሁለት ምት ሞተር ስለ ሆነ የዘይት ቤት የለውም፤ ለዚሁ የተሠራ ዘይት ሠሪው ባዘዘው መጠን፥ በብዙዎቹ ለ50 ሊትር ቤንዚን 1 ሊትር፥ ከቤንዚኑ ጋር ይቀላቀላል።

የእርሻ ባለሙያዎች ከቀበሌ ቀበሌ የሚሄዱበት ሞተር ብስክሌትም ብዙውን ጊዜ በስሕተት ይጎዳል። ፍሪሲዮኑ በሞተሩ ዘይት ውስጥ ተነክሮ ስለሚሠራ፥ ለቤት መኪና የተሠራው እጅግ የሚያዳልጥ ዘይት ሲሞላበት ፍሪሲዮኑ መያዝ ያቅተዋል፤ ሞተሩ ይጮኻል፥ ብስክሌቱ ዳገት አይወጣም። በጣሳው ላይ ጃሶ ኤም ኤ የሚል ያለበትን መግዛት ነው።

በወፍጮ ቤት ኩሽኔታው ግሪስ እንጂ ፈሳሽ ዘይት አይሻም፤ ፈሳሹ ወደ ዱቄቱ ይንጠባጠባልና። ዱቄትና ዘይት ሲገናኙ ሊጥ ይሆናሉ፤ ይህም ኩሽኔታውን ያግላል። ሰው የሚበላው ነገር በሚያልፍበት ቦታ ለምግብ ፋብሪካ የተፈቀደው ነጭ ግሪስ መደረግ ይገባዋል። የስፌት መኪና ቀለም የሌለው ቀጭን ዘይት በጠብታ ይበቃዋል። በመጠጥ ፋብሪካዎች ጠርሙስ የሚሸከመው ሰንሰለት ደግሞ ዘይት ጨርሶ አይወድም፤ ለብዙ ዘመን ሲለሰልስ የኖረው ሳሙና በተበጠበጠበት ውኃ ነው።

የግሪስ ነገር አጭር ነው። ግሪስ ማለት በሳሙና የረጋ ዘይት ነው፤ ልዩነቱ በሳሙናው ነው። በሶዳ ሳሙና የተሠራው በውኃ ይሟሟል፤ በኖራ ሳሙና የተሠራው ውኃን ይችላል፥ ሙቀት ግን ከ60 ዲግሪ በላይ ያስቸግረዋል፤ በሊቲየም የተሠራው ሁለቱንም ስለሚችል ለዲስክ ማረሻና ለጋሪ እግር 2 ቁጥሩ ይበቃል። የተለያየ ሳሙና ያለበትን ግሪስ መቀላቀል አይገባም፤ ብዙ ጊዜ ቀልጦ ይፈስሳል። ፈጥኖ የሚሽከረከረውን ኩሽኔታ ሞልቶ መጠቅጠቅም ያግለዋል፤ ከባዶው ቦታ ከሲሶ እስከ ግማሽ ይበቃል።

አሁን ወደ ሹማምንቱ ሥራ እንመለስ። ዘይት በጨረታ ሲገዛ ጽሑፉ «የሞተር ዘይት» ብቻ የሚል ከሆነ፥ በዝቅተኛ ዋጋ የሚያሸንፈው ዝቅተኛው ዘይት ነው፤ ይህም የነጋዴው ጥፋት ሳይሆን የጠያቂው ነው። በጨረታው ላይ የውፍረቱ ቁጥር፥ የኤ ፒ አይ ፊደሉ፥ የሚገባበት መኪና ስምና የዘይት ቤቱ መጠን ይጻፍ። የማሸጊያው ማኅተም ያልተነካ መሆኑን ገዢው በዓይኑ ይይ፤ ተጣርቶና ቀለሙ ተስተካክሎ በአሮጌ ጣሳ ዳግመኛ የሚሸጥ የተቃጠለ ዘይት በገበያ አይጠፋምና፥ ባዶውን ጣሳ ከመጣል በፊት መብሳት መልካም ልማድ ነው።

በርሜሉ በመጋዘን ይቀመጥ። ቦታ ጠፍቶ በሜዳ የሚያድር ቢሆን ቀጥ ብሎ አይቁም፤ በጎኑ ተጋድሞ ሁለቱ ክዳኖች ትይዩ ሆነው በግራና በቀኝ ይሁኑ። ቀጥ ብሎ የቆመ በርሜል በራሱ ላይ የዝናብ ውኃ ያጠራቅማል፤ ቀን በፀሐይ ሲግል አየር ይተፋል፥ ሌሊት ሲበርድ መልሶ ይስባል፤ ከአየሩም ጋር በክዳኑ ዙሪያ ያለውን ውኃ ይጠጣል። እንዲህ እየሆነ ማንም ሳይነካው ዘይቱ ይበላሻል። ለእያንዳንዱ ዓይነት ዘይት የራሱ መቅጃና የራሱ ቀለም ይሁን፤ መቅጃው ከተደባለቀ በርሜሎቹን መለየቱ ከንቱ ድካም ነው። ቁልፉ በአንድ ሰው እጅ ይሁን፤ ዘይት የተሞላበት ቀንና የመኪናው የሥራ ሰዓትም በመዝገብ ይጻፍ።

የተቃጠለው ዘይት ከመኪናው ሲወጣ በአንድ በርሜል ተሰብስቦ ሊያጣራ ወይም በሚገባ ሊያቃጥል ለሚችል ይሰጥ። ምስጥ እንዳይበላው የአጥር እንጨት መቀባት ከጥንት የተለመደ ቢሆንም፥ በጉድጓድ ውኃና በጓሮ አትክልት አጠገብ አይደረግ፤ በውስጡ ከሞተሩ የተፋቀ ብረትና የሚመርዝ ጥላሸት አለበትና። በቦይ የሚደፋው የባሰ ነው። ከምዕራብ አዲስ አበባ የሚወርደው ትንሹ አቃቂ የከተማውን ጥራጊ ተሸክሞ ወደ አባ ሳሙኤል ይሄዳል፤ በዳርቻውም ጎመንና ሰላጣ በዚሁ ውኃ የሚያለሙ ገበሬዎች አሉ። በጋራዥ ደጃፍ የተደፋው ዘይት ወደ ቦዩ፥ ከቦዩም ወደ ወንዙ ይወርዳል፤ ከዚያም በጎመኑ ላይ ተመልሶ ወደ ገበያ ይመጣል።